«እንዳለ» ተብሎ የሚገዛ ድርጅትና የማኅበር ገንዘብ

የገበሬዎች ማኅበራት ከአባሎቻቸው ባሰባሰቡት የዕጣ ገንዘብ ወፍጮ ቤት፣ የዘይት መጭመቂያ ወይም የእህል መጋዘን ባለቤት ለመሆን ሲያስቡ ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው ከመሠረቱ ጀምሮ መገንባት ሲሆን ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለውን ከባለቤቱ መግዛት ነው። ሁለተኛው መንገድ ጊዜ ይቆጥባል፤ የለመደ ሠራተኛና ደንበኛም አብሮ ይገኛል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚሄዱ መሪዎች ብዙውን ጊዜ ልባቸው የሚያርፈው በሞተሩ ጥንካሬና በቤቱ ስፋት ላይ ነው። ዋጋው በክርክር ይወሰናል፤ በውሉም ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰፍርና «ድርጅቱ እንዳለ ተሽጧል» በሚል ቃል ይዘጋል። «እንዳለ» ማለት በየትኛው ቀን እንዳለ ነው? ገዢዎች በታዩበት ቀን ነው፣ ውሉ በተፈረመበት ቀን ነው ወይስ ቁልፉ በተሰጠበት ቀን? በእነዚህ ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት አንድን ማኅበር ገና ሥራ ሳይጀምር ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል።

ገበሬው ይህን ነገር በከብት ገበያ አሳምሮ ያውቀዋል። የምትታለብ ላም ሊገዛ የሄደ ሰው ወተቷን አይቶ፣ ጥጃዋን አብሮ ቆጥሮ ዋጋ ይቆርጣል። ቀብድ ከፍሎ ከሄደ በኋላ ባለላሙ ጥጃዋን ለብቻዋ ሸጦ ቢጠብቀው ገዢው ላሟን በዚያው ዋጋ አይወስድም። የአገር ላም ጥጃዋ ሳትጠባ ወተቷን እንደማትለቅ የታወቀ ነውና። የድርጅትም ጥጃ አለው። እርሱም የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ ነው።

የዘይት መጭመቂያ ቤትን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በቤቱ ውስጥ ከሞተሩና ከመጭመቂያው ሌላ በመጋዘን የተከማቸ ኑግ፣ በጀሪካን የተቀዳ ዘይት፣ ለከብት አድላቢዎች የሚሸጥ ፋጉሎ አለ። ቸርቻሪዎች በዱቤ የወሰዱት ዘይት ዋጋም ገና ያልተሰበሰበ ቢሆንም የቤቱ ሀብት ነው። በሌላ በኩል ኑጋቸውን አስረክበው ገንዘባቸውን የሚጠብቁ ገበሬዎችና ኪራዩ ያልተከፈለው ባለ ጭነት መኪና አሉ። የመጀመሪያዎቹ ተደምረው የኋለኞቹ ሲቀነሱ የሚተርፈው ገንዘብ ነው ቤቱን በየዕለቱ የሚያንቀሳቅሰው። ይህ ገንዘብ ከሌለ መጭመቂያው የቆመ ብረት ነው፤ ገዢው ለማሽኑ ከከፈለው በላይ ኑግ መግዣ ሌላ ገንዘብ መፈለግ ይኖርበታል።

እንግዲህ አንድ ማኅበር እንዲህ ያለውን ቤት በ6,000,000 ብር ለመግዛት በጥር ወር ተስማማ እንበል። በዚያን ጊዜ አዝመራው ገና የገባ በመሆኑ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። የኑጉ ዋጋ 2,000,000 ብር፣ ዘይቱና ፋጉሎው 200,000፣ በቸርቻሪዎች እጅ ያለው ዱቤ 300,000 ሲሆን ለገበሬዎችና ለመኪና የሚከፈለው 400,000 ነው። የሥራ ማስኬጃው ገንዘብ 2,100,000 ብር ማለት ነው። የዓመቱ አማካይ ግን 1,500,000 ነው። ርክክቡ የባንክ ብድር እስኪፈቀድ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ እስኪወስን ድረስ ወደ ሚያዝያ ይዘገያል። ባለቤቱ በነዚህ ወራት ኑጉን እየጨመቀ ይሸጣል፤ ምትክ አይገዛም። ዱቤውን አጣድፎ ይሰበስባል። ለገበሬዎች መክፈል ያለበትን ግን «አዲሱ ባለቤት ይከፍላችኋል» እያለ ያቆያል። በርክክቡ ቀን ኑጉ 500,000፣ ዘይቱና ፋጉሎው 100,000፣ ዱቤው 150,000፣ የሚከፈለው ደግሞ 350,000 ሆኖ ይገኛል። የቀረው የሥራ ማስኬጃ 400,000 ብር ብቻ ነው፤ ከአማካዩ በ1,100,000 ብር ያንሳል።

በዚህ ላይ ዕዳ አለ። ከባንኩ ብድር ያልተከፈለው 1,200,000 ብር፣ ያደረ ወለድ 60,000፣ ያልተከፈለ ግብር 140,000፣ ለሠራተኞች የተጠራቀመ ክፍያ 100,000፣ በድምሩ 1,500,000 ብር ነው። በባንክና በሳጥን የተገኘው ጥሬ ገንዘብ 200,000 ብር ነው። ውሉ ስለ ማስተካከያ የሚናገር አንቀጽ ካለው ሂሳቡ እንዲህ ይሠራል። ከ6,000,000 ላይ ዕዳው 1,500,000 ይቀነሳል፤ ጥሬ ገንዘቡ 200,000 ይጨመራል፤ የሥራ ማስኬጃው ጉድለት 1,100,000 ይቀነሳል። ለሻጩ የሚከፈለው 3,600,000 ብር ይሆናል። አንቀጹ ከሌለ ግን ማኅበሩ ሙሉውን 6,000,000 ከፍሎ ባዶ መጋዘን ይረከባል። ዕዳው ከድርጅቱ ጋር የሚሻገር ከሆነም ያንኑ ይወርሳል። የ2,400,000 ብር ልዩነት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚመጣ ነው።

እዚህ ላይ ሻጩ ሌባ ነው ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም። ሊሸጥ የወሰነ ነጋዴ አዲስ ክምችት አለመግዛቱ፣ ዱቤውን መሰብሰቡ የተፈጥሮ ነገር ነው። ውሉ ዝም ካለ እርሱም ዝም ብሎ ጥቅሙን ይከተላል። ማስተካከያው በትክክል ሲጻፍ ይህ ሁሉ ፉክክር ትርጉም ያጣል። ሻጩ 150,000 ብር ዱቤ ሰብስቦ በሳጥን ቢያስቀምጠው ጥሬ ገንዘቡ በዚያው መጠን ይጨምራል፣ የሥራ ማስኬጃው በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የመጨረሻው ዋጋ አይለወጥም። ገንዘቡን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ይሆናል። ወደ ቤቱ ይዞት ቢሄድ ደግሞ ያንኑ ያህል ከዋጋው ይቀነስበታል። ስለዚህ አንቀጹ ገዢውን ብቻ የሚጠብቅ ሳይሆን ሻጩም እስከ መጨረሻዋ ቀን ሥራውን እንደ ልማዱ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው።

ዕዳን በሚመለከት የማኅበር መሪዎች የባንክ ብድሩን ጠይቀው ይረካሉ። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። አድላቢዎች ለፋጉሎ አስቀድመው የከፈሉት ገንዘብ ካለ ፋጉሎውን የሚያቀርበው ገዢው ስለሆነ ይህም ዕዳ ነው። ሻጩ ራሱ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ለአባላቱ ሊከፋፈል ተወስኖ ያልተከፈለው የትርፍ ድርሻ እንዲሁ ነው። ገበሬዎች ኑጋቸውን ካስረከቡ ብዙ ወራት ካለፈ የእነርሱም ሂሳብ ከተለመደው የሥራ ዑደት ወጥቶ ወደ ዕዳ ረድፍ መግባት ይኖርበታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ሂሳብ በሁለቱም ረድፍ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ከተቀነሰ ሻጩ ይበደላል፣ ውሉም ለክርክር ይጋለጣል።

የሠራተኞች ጉዳይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የድርጅቱ ባለቤትነት መተላለፉ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም። ለ10 ዓመት ያገለገለው የመጭመቂያ ሠራተኛ 10 ዓመቱንና ያልተጠቀመበትን የዓመት ፈቃድ ይዞ ወደ ማኅበሩ ይመጣል። ይህ በገንዘብ ተሰልቶ ከዋጋው ካልተቀነሰ የሻጩን ግዴታ አባላቱ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ይህን ይመስላል።

መያዣም እንዲሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ሞተርና ማሽን ብቻ ሳይሆን በመጋዘን ያለ ምርትና ያልተሰበሰበ ሂሳብ ጭምር ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። መያዣው የሚመዘገብበት መዝገብም ተቋቁሟል። የተከማቸው ኑግ ለአበዳሪ የተያዘ መሆኑን ሳያጣራ ዋጋ የሚቆርጥ መሪ የሌላ ሰው ገንዘብ ላይ እየተከራከረ ነው ማለት ይቻላል። ሻጭና ገዢ «ዕዳው የገዢው ሆኗል» ወይም «ዕዳው የሻጩ ነው» ብለው መስማማታቸው አበዳሪው እስካልተስማማ ድረስ በሁለቱ መካከል ብቻ የሚሠራ ነው። ስለሆነም በርክክቡ ቀን ማኅበሩ ገንዘቡን በሙሉ ለሻጩ አስረክቦ «ባንኩን ክፈል» ከማለት ይልቅ የባንኩን ድርሻ በቀጥታ ለባንኩ ከፍሎ መያዣው እንዲነሣ ማድረጉ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚያከራክረው ግን «የተለመደው» የሥራ ማስኬጃ ስንት ነው የሚለው ነው። ሻጩ ዝቅተኛውን ቁጥር ይፈልጋል፤ ገዢው ከፍተኛውን። በገጠር የሚሠራ ድርጅት ደግሞ እንደ ከተማ ሱቅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኑግ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ቀጥሎ መጋዘኑ ይሞላል፣ በክረምት ይራቆታል። በነሐሴ የሚረከብ ማኅበር የነሐሴው መጠን «የተለመደው» ነው ተብሎ ቢፈርም ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ ባዶ መጋዘን ይወስዳል፣ ከሦስት ወር በኋላም ለኑግ መግዣ እንደገና ወደ ብድር ይሮጣል። የ12 ወሩ ሂሳብ በየወሩ ተሠርቶ አማካዩ ቢወሰድ ይሻላል። አንድ ቀን ብቻ ተመርጦ መለኪያ መሆን የለበትም።

አማካዩም ቢሆን በብር ብቻ ከተጻፈ ጉድለት አለው። የእህል ዋጋ ከዓመት ዓመት በሚጨምርበት ጊዜ ያለፈው ዓመት 1,500,000 ብር ዘንድሮ ያንኑ ያህል ኑግ አይገዛም። ስለዚህ ዋናው ክምችት በኩንታል ተወስኖ፣ የኩንታሉ ዋጋ በርክክቡ ሰሞን በአካባቢው ገበያ በሚውለው ዋጋ እንዲሰላ ቢጻፍ ለማኅበሩ ይበጃል። ይህን የከተማ ጠበቆች ላያስቡት ይችላሉ፤ ጎተራውን የሚያውቀው ገበሬ ግን ከማንም ይበልጥ ይገባዋል።

ይህ ክርክር የትንንሽ ቤቶች ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ በአሜሪካ የሆነውን ቢመለከት ጥሩ ነው። ቺካጎ ብሪጅ ኤንድ አይረን የተባለው ኩባንያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የሚገነባውን ቅርንጫፍ ድርጅቱን ለዌስቲንግሃውስ ለመሸጥ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ተዋዋለ፤ ርክክቡም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተፈጸመ። ድርጅቱ በጆርጂያና በደቡብ ካሮላይና አራት ማመንጫዎችን እየገነባ ነበር፤ ሥራው ዘግይቶ ወጪውም ከታሰበው በላይ ሆኖ ስለነበር ሻጩ መገላገል ፈለገ። በርክክቡ ቀን የሚከፈለው ዋጋ ዜሮ ሆነ። በምትኩ ሻጩ ከርክክቡ በኋላ በሰጠው ማረጋገጫ ሳቢያ እንዳይከሰስ ገዢው ተስማማ። የሥራ ማስኬጃው መለኪያ ደግሞ 1.174 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ በውሉ ሰፈረ፤ ከዚያ ቢበልጥ ገዢው፣ ቢያንስ ሻጩ ልዩነቱን ይከፍላል።

ቆጠራው ሲመጣ ሁለቱ በተለያየ ዓለም የሚኖሩ መሰሉ። ሻጩ ገንዘቡ ከመለኪያው በላይ ስለሆነ ገዢው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጨምርልኝ አለ። ገዢው በበኩሉ የቀድሞው የሂሳብ አያያዝ ከመነሻው ስሕተት ነበር በማለት ሂሳቡን በአዲስ መንገድ ሠርቶ የሥራ ማስኬጃውን ከዜሮ በታች አወረደውና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀ። ዜሮ ብር ከፍሎ የገዛ ሰው በማስተካከያ አንቀጽ 2 ቢሊዮን ሊቀበል ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክርክሩ በውሉ ወደተጠቀሰው ገለልተኛ የሂሳብ ባለሙያ እንዲሄድ ፈቀደ። የደላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ውሳኔውን ሻረው። ማስተካከያው ከፊርማ እስከ ርክክብ ባለው ጊዜ በሥራው ላይ የታየውን ለውጥ የሚለካ እንጂ፣ ገዢው ፊት ተቀብሎት የነበረውን የሂሳብ አያያዝ በኋላ ከሥሩ የሚነቅልበት አይደለም፤ ቆጠራውም ድርጅቱ ቀድሞ ሲሠራበት በነበረው መንገድ መሠራት አለበት አለ። ዌስቲንግሃውስ ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ በመጋቢት 2017 ለኪሳራ ጥበቃ አመልክቶ ነበር፤ የደቡብ ካሮላይናዎቹ ሁለት ማመንጫዎችም በዚያው ዓመት ግንባታቸው ተቋረጠ።

ፍርዱ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ላይ የሚያስገድደው ነገር የለም። አስተሳሰቡ ግን ለማንኛውም ገዢ ይጠቅማል። በመጋዘኑ ያለው ኑግ የተበላሸ መሆኑን፣ የዱቤው መዝገብ በሞቱና በጠፉ ሰዎች ስም የተሞላ መሆኑን የጠረጠረ መሪ ጥያቄውን ማንሳት ያለበት ከፊርማው በፊት ነው። «ግዴለም፣ በርክክቡ ቀን እናስተካክለዋለን» ብሎ መፈረም የማያስኬድ ተንኮል ወይም ቸልተኝነት ነው። በርክክቡ ቀን የሚለካው ለውጡ ነው፤ ለመለካትም ሚዛኑ አንድ መሆን አለበት።

በዚህም ምክንያት ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን አቆጣጠሩ በውሉ መጻፍ ይኖርበታል። ኑጉ ስንት ብር ይገመታል? አፈርና ገለባ ያለበት ኩንታል እንዴት ይቀነሳል? ከስድስት ወር በላይ የቆየ ዱቤ ይቆጠራል ወይስ ይሰረዛል? በሞተር ክፍሉ ጥግ የተከመረው ያረጀ ቺንጋና ብሎን ዕቃ ነው ወይስ ቁርጥራጭ ብረት? ለእነዚህ መልስ የሚሆን፣ የመጨረሻውን ዓመት እውነተኛ ሂሳብ ይዞ የተሠራ የናሙና ስሌት ከውሉ ጋር ቢያያዝ ከአሥር ገጽ አንቀጽ የበለጠ ክርክር ያስቀራል። ቆጠራው በሁለቱም ወገን ፊት፣ አስቀድሞ በተፈተሸ ሚዛን፣ መጭመቂያው ቆሞ መካሄድና በዕለቱ በቃለ ጉባኤ መፈረም አለበት። ማኅበሩ ቁልፉን ከተረከበ በኋላ ብቻውን ቆጥሮ «ጎደለ» ቢል የሚያምነው አያገኝም፤ ገዢም ክምችቱን አሳንሶ በመቁጠር ሊያጭበረብር እንደሚችል ሻጩ ያውቃልና። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚዳኝ የሂሳብ ባለሙያ ማን እንደሚሆን፣ በስንት ቀን እንደሚወስን፣ ክፍያውን ማን እንደሚችል ቀድሞ መስማማት ይበጃል። ሥልጣኑም በቁጥሮቹ ላይ የተወሰነ ይሁን።

ከዚህ የሚለይ አሠራርም አለ። በአንድ ባለፈ ቀን በተመረመረ ሂሳብ ላይ ዋጋው ይቆረጥና ሻጩ ከዚያ ቀን ወዲህ ከድርጅቱ ምንም እንዳያወጣ ይከለከላል፤ በርክክብ ቀን ቆጠራ አይኖርም። ይህ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሚያምኑት መዝገብ ይፈልጋል፤ ሽያጩን በደብተር ጀርባ ላይ ከሚጽፍ ባለመጭመቂያ ጋር ሊሠራ አይችልም።

የቀረው ገንዘቡን የመያዝ ጉዳይ ነው። ሙሉው ዋጋ ከተከፈለ በኋላ ጉድለት ቢገኝ ሻጩን መፈለግ፣ ካገኙትም መክሰስ ሊመጣ ነው። ከዋጋው የተወሰነ ክፍል ቆጠራው ተጠናቆ የመጨረሻው ሂሳብ እስኪፈረም ድረስ ሁለቱ ወገኖች በጋራ ፊርማ በሚያወጡት የባንክ ሂሳብ ቢቆይ ማኅበሩ ያለ ሙግት ጉድለቱን ያገኛል። ሻጩ ይህን እንዲቀበል የሚቆይበት ቀን አጭርና የታወቀ መሆን አለበት።

ማስተካከያው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሄድ ለአባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። በምሳሌው ቤት ርክክቡ ሳይዘገይ በጥር ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ የሥራ ማስኬጃው ከአማካዩ በ600,000 ብር ስለሚበልጥ ተጨማሪ የሚከፍለው ማኅበሩ ነበር። ይህ ኪሳራ አይደለም፤ በመጋዘኑ ያለ ኑግ ዋጋ ነው። ነገር ግን ጉባኤው 6,000,000 ብቻ አጽድቆ ከሆነ ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ 600,000 ብር ከየት እንደሚያመጡ ጨንቋቸው በርክክቡ በር ላይ ይቆማሉ። ውሳኔው ሲጸድቅ ዋጋው ከስንት እስከ ስንት ሊደርስ እንደሚችል ተገልጾ የመጠባበቂያ ገንዘብ አብሮ ቢፈቀድ፣ የቁጥጥር ኮሚቴውም በቆጠራው ላይ እንዲገኝ ቢደረግ ችግሩ አይነሣም። ማኅበሩ ሻጭ በሚሆንበት ጊዜም ይኸው አሠራር ይጠቅመዋል፤ አዝመራ አስገብቶ መጋዘኑን ሞልቶ የሚያስረክብ ማኅበር የክምችቱን ዋጋ የሚያስከፍለው በዚሁ አንቀጽ ነው።